ዶርትሙንድ፣ ሆርደ፦ ብረት ይቀልጥበት የነበረ ሰፈር እንዴት ሐይቅ ሆነ

በምዕራብ ጀርመን፣ ከዶርትሙንድ መሃል ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ ሆርደ የሚባል ሰፈር አለ። ዛሬ ብዙ ሰው እዚያ የሚሄደው ፊኒክስ ሐይቅን ለማየት ነው። ጀልባ አለ፣ ካፌ አለ፣ ዳር ዳሩን ነጫጭ ቤቶች ተደርድረዋል። ታሪኩን ያልሰማ ሰው ሐይቁ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ሊመስለው ይችላል። እስከ 2001 ድረስ ግን ቦታው የአረብ ብረት ፋብሪካ ነበር፤ የኤምሸር ወንዝም በቱቦ ተቀብሮ ከፋብሪካው ሥር ያልፍ ነበር። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚህ በታች ያለው ከባቡር ጣቢያው ተነስቶ፣ ሐይቁን ዞሮ፣ የቀድሞዎቹ ማቅለጫ ምድጃዎች ዘንድ የሚያበቃ የእግር መንገድ ማብራሪያ ነው። ርዝመቱ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እየቆመ ለሚያይ ሰው ግማሽ ቀን ይበቃዋል። መንገዱ አብዛኛው ሜዳ ነው። ትኩረታችን ከምልክት ሰሌዳዎቹ ላይ በቀላሉ የማይገኘው ነገር ላይ ነው፦ ይህ ሐይቅ ተቆፍሮ ውሃ ስለሞላ ብቻ የሚኖር አይደለም፤ በየቀኑ እንክብካቤ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ደግሞ ከፋብሪካው ዘመን ጋር የተያያዘ ነው።

መነሻው

ከዶርትሙንድ ዋና ባቡር ጣቢያ የከተማ ባቡር 41 ቁጥርን ይዛችሁ ሆርደ ባንሆፍ በሚባለው ፌርማታ ትወርዳላችሁ። ጉዞው ሩብ ሰዓት እንኳ አይሞላም። የክልሉ ባቡርም እዚያው ይቆማል። ዶይችላንድ ቲኬት (በመላ ጀርመን ለአካባቢ ባቡርና አውቶቡስ የሚያገለግለው ወርሃዊ ትኬት) ያለው ሰው ተጨማሪ አይከፍልም። እሑድ የሰፈሩ ሱቆች ዝግ ስለሆኑ ውሃና ስንቅ ከቤት መያዝ ይሻላል፤ የሐይቁ ዳር ካፌዎች ይከፈታሉ፣ ዋጋቸው ግን ወደድ ይላል።

ከጣቢያው ወደ አሮጌው ገበያ አካባቢ ስትገቡ የእግረኞች መንገድ ላይ አንድ ረጅም የመብራትና የሰዓት ምሰሶ ታያላችሁ። ሰፈርተኛው ቀጭኗ ማቲልደ ይላታል፤ ቀጠሮ የሚያዘውም እሷ ጋ ነው። ሆርደ እስከ 1928 ድረስ ራሱን የቻለ ከተማ ነበር፤ የራሱ ገበያና የራሱ መሃል ያለው ለዚህ ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ትንሽ እንደተራመዳችሁ የሆርደ ግንብ ጋ ትደርሳላችሁ።

ግንቡና ፋብሪካው

ግንቡ መሠረቱ የመካከለኛው ዘመን ነው። ኸርማን ፒፐንሽቶክ የተባለ የኢዘርሎን ከተማ ነጋዴና የፋብሪካ ባለቤት በ1840 አካባቢ ገዝቶት፣ አጠገቡ በ1841 ኸርማንስሁተ የተባለውን የብረት ፋብሪካ አቋቋመ። ቦታውን የመረጠው ለውበቱ አልነበረም። ከመሬቱ ሥር የድንጋይ ከሰል አለ፤ ከአጠገቡ ደግሞ የኤምሸር ወንዝ ይፈስሳል። ብረት ለመሥራት ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ከሰሉ ለሙቀት፣ ውሃው ለማቀዝቀዣና ለእንፋሎት። ግንቡ በኋላ የፋብሪካው ቢሮ ሆነ።

ፋብሪካው በ1852 የአክሲዮን ኩባንያ ሆነ፤ ማቅለጫ ምድጃዎቹም ከዚያ ወዲህ በምዕራብ በኩል ተተከሉ። ፊኒክስ የሚለው ስም የመጣው በ1906 ከሌላ ኩባንያ ጋር ሲዋሃድ ነው። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ደጋግሞ ተቀያይሯል፤ የመጨረሻው ቲሰንክሩፕ ነበር። ለመንገደኛው ከባለቤቶቹ ዝርዝር ይልቅ የሚጠቅመው አቀማመጡን ማወቅ ነው፦ በምዕራብ ማቅለጫ ምድጃዎቹ፣ በምሥራቅ የአረብ ብረት ማምረቻው፣ በመካከላቸው ደግሞ ሰው የሚኖርበት ከተማ። ዛሬም የሰፈሩ ቅርጽ ያው ነው።

ከግንቡ ዳርቻ ላይ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ስትመለከቱ ሐይቁ ሙሉውን ይታያል። ርዝመቱ 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ ከ300 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ፣ የውሃው ወለል 24 ሄክታር ነው። ጥልቀቱ ግን ያን ያህል አይደለም፤ አብዛኛው ቦታ ሦስት አራት ሜትር ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ኋላ ስለ አረሙ ስንናገር ያስፈልገናል።

ፋብሪካው የት ሄደ?

ማቅለጫ ምድጃዎቹ በ1998፣ የአረብ ብረት ማምረቻው በ2001 ቆሙ። ምክንያቱ ብረት መሥራት አለመቻል አልነበረም። የአካባቢው የብረት ማዕድን አልቆ ማዕድኑ በመርከብ ከውጭ አገር ይመጣ ስለነበር፣ ራይን ወንዝ ዳር ያለው ዱይስቡርግ ላይ መሥራት ርካሽ ሆነ። ዶርትሙንድ ያለው ፋብሪካ ማዕድኑን ከወደቡ እንደገና ማጓጓዝ ነበረበት።

መሣሪያው ግን ገና ይሠራ ነበር። ሻጋንግ የተባለው የቻይና ብረት አምራች ገዝቶት በመቶዎች የሚቆጠሩ ቻይናውያን ሠራተኞች ከ2002 ጀምሮ እየፈቱ፣ እያንዳንዱ ክፍል ላይ ምልክት እየጻፉ፣ በመርከብ ወደ ያንግትዜ ወንዝ አፍ አጓጓዙት። እዚያው እንደገና ተገጥሟል። ሥራ ላጡት የሆርደ ሰዎች ይህ መራራ እይታ ነበር፤ ከቦታቸው የጠፋው ሥራው ብቻ እንጂ ማሽኑ አርጅቶ አልነበረምና። ወደ 100 ሜትር የሚጠጋው፣ ሌሊት ሌሊት እሳት ይተፋ የነበረው የጋዝ ማቃጠያ ምሰሶ ደግሞ በ2004 በፈንጂ ወደቀ።

ቻይና ያልሄደው ከመሬት በታች ያለው ነው፦ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ አንዱ በሌላው ላይ የተገነባ የኮንክሪት መሠረት፣ በነዳጅና በኬሚካል የተበከለ አፈር፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቀሩ ያልፈነዱ ቦምቦች። 2.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል አፈር ተንቀሳቅሷል። ይህን ሁሉ በጭነት መኪና ሩቅ መውሰድ ኪስ ስለሚጎዳ ብዙው እዚያው አካባቢ ተዳፋትና ኮረብታ ሆነ። በሐይቁ ምሥራቃዊ ጫፍ ያለው ካይዘርበርግ የሚባለው መመልከቻ ጉብታም ሰው የከመረው ነው። ጥሩ ፎቶ የሚነሳው ከዚያ ላይ ነው።

ለምን ሐይቅ ተመረጠ የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሳል። መልሱ ግማሹ የገንዘብ ነው። ወደ 100 ሄክታር የሚሆን የፋብሪካ መሬት ሁሉ ላይ ቤት ቢሠራ የቀድሞ ፋብሪካ አጠገብ ያለ ተራ ሰፈር ይሆን ነበር። መሃሉ ውሃ ሲሆን ግን ዳርቻው ውድ መሬት ይሆናል፤ ሐይቁ አይሸጥም፣ የሚሸጠው ዳርቻው ነው። ሌላው ግማሽ የጎርፍ ጉዳይ ነው፤ ወንዙ ጋ ስንደርስ እንመለስበታለን። ውሃ መሙላት የተጀመረው ጥቅምት 1 ቀን 2010 ሲሆን፣ በግንቦት 2011 አጥሩ ተነስቶ ለሕዝብ ተከፈተ።

ደሴቷ ላይ ያለው የብረት ዕቃ

ከግንቡ በታች ባለችው ትንሽ ደሴት ላይ ዕንቁላል የመሰለ፣ አፉ ጠበብ ያለ፣ የዛገ ትልቅ የብረት ዕቃ ቆሟል። ሰው ሁሉ አጠገቡ ፎቶ ተነስቶ ያልፋል። እዚህ ግን አሥር ደቂቃ መቆም ያዋጣል፤ የሰፈሩ ቁልፍ እሱ ነው።

ዕቃው የቶማስ መለወጫ ይባላል። ከማቅለጫ ምድጃ የሚወጣው ጥሬ ብረት አራት በመቶ ገደማ ካርቦን አለው፤ በመዶሻ ቢመቱት ይሰበራል። አረብ ብረት ለማድረግ ካርቦኑ መቃጠል አለበት። ፈሳሹን ብረት ወደ መለወጫው ያፈስሱና ከሥሩ ባሉት ቀዳዳዎች አየር በኃይል ይነፉበታል። አየሩ ካርቦኑን ስለሚያቃጥለው ከውጭ ነዳጅ ሳይጨመር ብረቱ ይበልጥ ይግላል። ሃያ ደቂቃ ገደማ በቂ ነው።

ችግሩ ፎስፈረስ ነበር። በአውሮፓ ብዙው የብረት ማዕድን ፎስፈረስ አለበት፤ ፎስፈረስ ያለበት አረብ ብረት ደግሞ ብርድ ሲነካው ይሰነጠቃል። ቀደም ሲል የነበረው መለወጫ ውስጡ አሲዳማ ጠባይ ባለው ጡብ የተለበጠ ስለነበር ፎስፈረሱን ማስወጣት አይችልም። ሲድኒ ጊልክሪስት ቶማስ የተባለው እንግሊዛዊ ውስጡን ዶሎማይት በተባለ ድንጋይ ለብጦ ኖራ ጨመረበት። ኖራው ፎስፈረሱን ይዞት ላይ ላዩን እንደ አረፋ ይሰፍፋል፣ ከዚያ ተገፍፎ ይወጣል። ኖራውን አሮጌው ጡብ ላይ ብትጨምሩት ጡቡን ራሱን ይበላዋል፤ ስለዚህ ልባሱ ሳይቀየር ኖራ መጨመር አይሆንም። የፈጠራው ፍሬ ነገር ይኼው ነው።

በአውሮፓ ዋና ምድር ይህ ዘዴ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራበት መስከረም 22 ቀን 1879 ነው፤ አንዱ ቦታ ሆርደ ነበር፣ በዚያው ቀን ሌላው ዱይስቡርግ አጠገብ ሩሮርት። ደሴቷ ላይ ያለው ዕቃ ከዚያ በጣም ዘግይቶ የተሠራ ነው፣ አሠራሩ ግን ያው ነው። የተገፈፈው ዝቃጭም አልተጣለም፤ ተፈጭቶ የቶማስ ዱቄት በሚል ስም ለገበሬ ማዳበሪያ ሆኖ ይሸጥ ነበር። ፎስፈረስ ለብረት መርዝ፣ ለዕፅዋት ግን ቀለብ ነውና።

ይኸው ፎስፈረስ ዛሬ የሐይቁ ዋና ጠላት ነው

ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ፀሐይ እስከ ታች ድረስ ይገባል። ብርሃንና ፎስፈረስ በተገናኙበት ውሃ አልጌና የውሃ አረም ይበቅላል። የጣናን እምቦጭ ታሪክ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ግልጽ ይሆንለታል፤ ልዩነቱ እምቦጭ ላይ ላዩን ሲንሳፈፍ የዚህ ሐይቅ አረም ከታች በቅሎ ወደ ላይ መዘርጋቱ ነው። በበጋ የጀልባ መቅዘፊያና መሪ ላይ ይጠመጠማል። ስለዚህ አረም የሚያጭድ ልዩ ጀልባ ይሠማራል። የታጨደው ከውሃው መውጣት አለበት፤ እዚያው ከተተወ ይበሰብስና የያዘውን ፎስፈረስ መልሶ ይለቃል፣ ሲበሰብስም የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል።

ከማጨዱ በላይ ግን ዋናው ሥራ ፎስፈረሱን ከውሃው ማውጣት ነው። ለዚህ የተሠራ ማጣሪያ ጣቢያ አለ፤ የሐይቁን ውሃ በፓምፕ እየሳበ ፎስፈረሱን ይይዛል፣ ውሃውን ይመልሳል። ይህ ጣቢያ ቢዘጋ ሐይቁ ውሎ አድሮ አረንጓዴ ሾርባ ይሆናል ብንል ማጋነን አይደለም።

ዳክዬና ዝይ አትመግቡ የሚለውም ደግሞ ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ዳቦው ፎስፈረስ አለበት፣ የወፎቹ ኩስ ከዚያ ይብሳል፤ ምግብ ባለበትም ወፉ ይበዛል። ለልጅ ማስረዳት ሲቸግር ይህን ምክንያት መንገር ከ«ክልክል ነው» ይሻላል። መዋኘትም አይፈቀድም፤ ሙቀት በሆነ ቁጥር የሚሞክር ግን አይጠፋም። ጀልባ መቅዘፍና በሸራ መንዳት ይቻላል።

ትንሹ ወንዝ

በሐይቁ ሰሜናዊ ዳር ስትሄዱ ከእግረኛው መንገድ አጠገብ ጠባብ ጅረት ታያላችሁ። ብዙ ሰው የሐይቁ መጋቢ ቦይ ነው ብሎ ያልፈዋል። ኤምሸር ወንዝ ማለት እሱ ነው፤ እዚህ ገና ከምንጩ ስላልራቀ ነው ያነሰው። ሐይቁ ውስጥ አይገባም። በመካከል የአፈር ግድብ አለ፤ ሐይቁ የሚኖረው በዝናብና በከርሰ ምድር ውሃ ነው። የተለያዩት በዚያው በፎስፈረስ የተነሳ ነው፤ ወንዙ ከማሳና ከከተማ የሚያመጣው ማዳበሪያ ሐይቁን ያበላሸዋል። ከባድ ጎርፍ ሲመጣ ብቻ የወንዙ ውሃ በተዘጋጀው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ፈስሶ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ሐይቁ ውሃውን ይዞ ያቆየዋል፣ ታች ያሉት ሰፈሮች ይተርፋሉ። ከጎርፍ በኋላ ማጣሪያው ሥራ የሚበዛበት ለዚህ ነው።

ኤምሸር ለመቶ ዓመት ያህል ዶርትሙንድ ያለችበት የከሰልና የብረት ክልል፣ የሩር አካባቢ፣ የፍሳሽ ቦይ ነበር። የሰው ቆሻሻ፣ የፋብሪካ ፍሳሽ፣ የማዕድን ጉድጓድ ውሃ ሁሉ በላዩ ይሄድ ነበር፤ ያውም አብዛኛው በግላጭ። እዚህ ላይ «ለምን እንደ ሌላው ከተማ በቱቦ አልቀበሩትም?» ማለት ተገቢ ነው። መልሱ መሬቱ ነው። ከሰል ሲወጣ ከታች የቀረው ባዶ ቦታ ይደረመሳል፣ ከላይ ያለው መሬት አብሮ ይሰምጣል፤ በሩር አንዳንድ ቦታ መሬቱ ከ20 ሜትር በላይ ዝቅ ብሏል። እንዲህ ያለ መሬት ውስጥ የተቀበረ ቱቦ ይሰነጠቃል፣ ቁልቁለቱም ይጠፋና ፍሳሹ ይቆማል ወይም ወደ ኋላ ይመለሳል። የቆመ ፍሳሽ ደግሞ ታይፎይድና ኮሌራ ማለት ነው። በ1899 ከተሞች፣ የማዕድን ድርጅቶችና ፋብሪካዎች ተሰባስበው ኤምሸርገኖሰንሻፍት የተባለውን የወንዙን ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ወንዙን ቀጥ አድርጎ በኮንክሪት አልብሶ ክፍት ቦይ አደረገው፤ ክፍት ቦይ መሬቱ ሲሰምጥ በቀላሉ ይጠገናል፣ ግድቡም ከፍ ይደረጋል። ራይንን የሚቀላቀልበት አፉ ራሱ መሬቱ ስለሰመጠ ሁለት ጊዜ ወደ ሰሜን ተዛውሯል።

ከሰል ማውጣቱ ሲያበቃ መሬቱ ረጋ፤ ያኔ ነው ቱቦ መቅበር የተቻለው። ሥራው በ1992 ተጀመረ። ከዶርትሙንድ እስከ ዲንስላከን 51 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዋና የፍሳሽ መስመር ከመሬት በታች ተሠራ፤ በ2021 መጨረሻ ላይ ወንዙ ከፍሳሽ ነጻ ሆነ። ወጪው 5.5 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ነው። እዚህ ሆርደ ላይ ግን ቀድሞ ነው የተፈታው፤ ከፋብሪካው ሥር የነበረው ወንዝ በ2009 መጨረሻ ወደ አዲሱ አልጋው ገባ።

የሰመጠው መሬት ግን ተመልሶ አይነሳም። የኤምሸር አካባቢ ወደ 40 በመቶ የሚሆነው ውሃው በራሱ ስለማይወርድ ቀን ከሌት በፓምፕ ይሳባል። በጀርመን የመጨረሻው የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ በታኅሣሥ 2018 ቦትሮፕ ላይ ተዘግቷል፤ ፓምፑ ግን ማብቂያ የለውም። ከማዕድኑ ለቀሩት እንዲህ ላሉ ዘላለማዊ ወጪዎች የተቋቋመ ፋውንዴሽን ከፋዩ ነው።

ከሐይቁ ወደ ምድጃዎቹ

ሐይቁን ሙሉ መዞር 3.2 ኪሎ ሜትር ነው። የእግረኛና የብስክሌት መንገዱ የተለየ ስለሆነ በብስክሌቱ መንገድ ላይ አትቁሙ፤ ጀርመን አገር በዚህ ቀልድ የለም። በደቡብ በኩል ያሉትን ቤቶች ስታዩ ከበስተጀርባችሁ ያለውን አሮጌውን ሆርደንም አስቡ። የአረብ ብረት ሠራተኞች የነበሩበት፣ ሥራ አጥ የበዛበት ሰፈር ከሐይቁ የሚለየው አንድ መንገድ ነው። ክላረንበርግ የሚባሉት ፎቆችም፣ ብዙ ስደተኛ ቤተሰብ የሚኖርባቸው፣ ሩቅ አይደሉም። ዳርቻው ለሁሉም ክፍት መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ ቤቱ ግን ለሁሉም አልሆነም። ሐይቁን ሲያደንቁ ይህን የሚዘሉ አስጎብኚዎች ታሪኩን ግማሽ አድርገው ነው የሚነግሩት።

ወደ ምዕራብ ስትመለሱ የኤልያስ ባቡር መስመር የነበረውን መንገድ ያዙ። ማቅለጫ ምድጃዎቹ ምዕራብ፣ መለወጫው ምሥራቅ ስለነበረ ቀልጦ የጋለው ብረት በባቡር መሃል ሰፈሩን አቋርጦ ይሄድ ነበር። ሰው ነቢዩ ኤልያስ ያረገበትን የእሳት ሠረገላ አስታውሶ ስሙን አወጣለት። ብረቱን ምሥራቅ ደርሶ እንደገና ከማቅለጥ ፈሳሹን እንደጋለ ማጓጓዝ ብዙ ነዳጅ ያድናል፤ ፉርጎዎቹም ውስጣቸው ሙቀት በሚይዝ ጡብ የተለበጠ ነበር። መዘግየት ግን አይቻልም፤ ብረቱ ፉርጎው ውስጥ ከረጋ ፉርጎውም ብረቱም አይረቡም።

ፊኒክስ ምዕራብ ስትደርሱ ሁለቱ ማቅለጫ ምድጃዎች ቆመዋል። አሠራራቸውን ከውጭ ማንበብ ይቻላል። ማዕድኑ፣ ኮክ የሚባለው የተጣራ ከሰልና የኖራ ድንጋዩ ከላይ ይገባሉ፤ የጋለ አየር ከታች ይነፋል፤ ብረቱ ከሥር ይጠራቀምና በየጥቂት ሰዓቱ ይከፈትለታል። ከላይ የሚወጣው ጋዝ መርዛማ ነው፣ ግን ይነድዳል። ስለዚህ በወፍራም ቱቦ ተስቦ፣ አቧራው ተጣርቶ፣ አየር የሚነፉትን ሞተሮች ያንቀሳቅስ ነበር። በላያችሁ የሚያልፈው ትልቅ ቱቦ ያ የጋዝ መስመር ነው፤ አጠገቡ ያለው ትልቅ አዳራሽ ደግሞ የሞተሮቹ ቤት ነበር፤ በኋላ ኮንሰርት ይደረግበት ነበር፣ በ2023 ደግሞ የዲጂታል ጥበብ ማሳያ ሆነ።

በቱቦው ላይ እስከ 26 ሜትር ከፍታ የሚወጣ መተላለፊያ ተሠርቷል። የሚገባው ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ነው፤ ሁልጊዜም ክፍት አይደለም፤ ስለዚህ ቀድሞ አጣርቶ ቦታ መያዝ ግድ ነው። ጫማው ጥብቅ ያለ፣ ተረከዙ ዝቅ ያለ ይሁን። ከፍታ የሚያዞረው ሰው ከታች ሆኖ ቢያይ ብዙ አይቀርበትም። በምድጃዎቹ ዙሪያ አጥር አለ፤ ፎቶ ፍለጋ አጥር መዝለል የዛገ ብረት ላይ መውጣት ስለሆነ አይሞከርም።

የቀረው መሬት አሁን የኮምፒውተርና የጥቃቅን መሣሪያ ኩባንያዎች የሚሠሩበት ነው፤ ከምድጃዎቹ ሥር ደግሞ ቤርግማን የተባለው የዶርትሙንድ ቢራ ጠማቂ ከ2017 ጀምሮ ቤቱን እዚያ አድርጓል። ደክሟችሁ ከሆነ እዚያ ማረፍ ይቻላል። ለመመለስ በመጣችሁበት ወደ ሆርደ ጣቢያ መሄድ ቀላሉ ነው፤ ጉልበት የተረፈው ሰው ደግሞ ወደ ሰሜን ወደ ቬስትፋለን ፓርክ ቢቀጥል ከዚያ በከተማ ባቡር ወደ ዋናው ጣቢያ ይደርሳል።